ድዋይን፦ ሞተ የተባለው ግስ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1907

ዛሬ የሥራ ባልደረባዬ ሚስተር ፔሊንግ አንድ ግስ ቀበረ። በሁለት ማስነጠስ መሀል፣ እንደ ቀላል ነገር። “ድዋይን ሞቷል፤ መስቀሉ ይደረግበት” አለና ብዕሩን ጠረገ። በመዝገበ ቃላታችን ውስጥ ዛሬ ማንም የማይናገረው ቃል ፊት ትንሽ መስቀል ይታተማል። ፔሊንግ መስቀል መትከል ይወዳል። አባቱ የካቴድራል አለቃ ነው፤ እሱ ራሱ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና የተባለው እሱን ሳያዩ አይመስለኝም።

“አልሞተም” አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ተቀምጬ ቃል ስለቅም እንዲህ ሳላስብ አፌን ከፍቼ አላውቅም።

“ማን ይናገረዋል?”

“ሰሜን ውስጥ፣ ዊርዴል ሸለቆ። የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪዎች።”

“ቆፋሪዎች? እነሱ ደግሞ ይናገራሉ እንዴ? እኔ የሚያጉረመርሙ ነበር የመሰለኝ።”

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባቴ አርባ ዓመት እርሳስ ሲቆፍር የኖረ ሰው መሆኑን እዚህ ማንም አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ግን የእኔ ሳቅ ከሁሉም ረዘም ያለ ነበር፤ እሱ ነው የከነከነኝ።

ዋና አዘጋጁ ዶክተር ሎክያር ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ “ሦስት ሕያው ማስረጃ፣ እስከ ማርች መጀመሪያ። አለዚያ መስቀሉ ይደረጋል” አሉ። እኚህ ሰው ቤታቸው ቢቃጠልም ሦስት ማስረጃ ሳይቀርብ ውሃ አያስመጡም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 17

የግሱን ታሪክ አረቀቅሁ። ጥሩ ዘር አለው። ከሺህ ዓመት በፊት አባቶቻችን ድዊናን ይሉት ነበር። ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡት የሰሜን ሰዎች ድቪና ይላሉ። ሆላንዶች ዛሬም አንድ ነገር ከዓይን ሲሰወር ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ይናገራሉ። ትርጉሙ ቀስ እያሉ መመንመን ነው፤ ሳይሰበሩ፣ ሳይቆረጡ፣ እንዲሁ እያነሱ መሄድ።

ከዚህ አባት ድዊንድል የሚባል ልጅ ተወለደ። ልጁ ወደ ከተማ ወረደ፣ ከተማሩት ጋር ዋለ፣ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ዛሬ ድዊንድልን የማያውቅ የለም፤ አባቱን ግን ዞር ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ይህቺን በረቂቁ ዳር ጻፍኳት። ፔሊንግ አንብቦ “ሚስተር ሬይን፣ እርስዎ ልብ የሚነካ ነገር ይችላሉ ለካ!” አለኝ። ምን ያውቃል። ስለ ቃል ነው የጻፍኩት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 20

የእህቴ የታማር ደብዳቤ ደረሰኝ። በዓመት ሁለቴ ትጽፋለች፤ ነጥብ የሚባል ነገር ግን ከተወለደች አይታ አታውቅም።

“ኢኖክ ደህና ነህ ወይ እኛ ደህና ነን በረዶው መስኮቱ ጋ ደርሷል አባባ ከገና ወዲህ ድዋይን እያለ ነው ሾርባ ብቻ ነው የሚቀምሰው ጸሎት ቤትም ቀርቷል ኢኖክን ጥሩልኝ አላለም ግን በር ሲንኳኳ ቀና ይላል”

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ድዋይን እያለ ነው! ጥርት ያለ፣ ሕያው፣ ቀን ያለው! መቀሱን አንስቼ ያቺን መስመር ቆረጥኩና ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጠፍኳት። ቦታ፣ ቀን፣ የተናጋሪዋ ስም። ሥራ ማለት እንዲህ ነው። የቀረው ደብዳቤ መሀሉ ተበስቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ስለ አባባ ደግሞ፦ በብርዱ ወራት ደረቱ ሁልጊዜ ይከፋል። የጉድጓድ አቧራ ነው። አምናም ሾርባ ብቻ ነበር የሚቀምሰው። አምና ነው ወይስ ካቻምና?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

ማስረጃዬን አቀረብኩ። ፔሊንግ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ብድግ አደረገው።

“ታማር ሬይን... ሬይን? እርስዎ እህት አለዎት እንዴ?”

“የሩቅ ዘመድ ናት።”

ጴጥሮስ የካደው ሊይዙት ሲሉ ነው። እኔን የጠየቀኝ ፔሊንግ ነው።

ዶክተር ሎክያር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። “ትርጉሙ ግልጽ አይደለም። ሰውየው እየከሳ ነው? እየደከመ ነው? ወይስ እየሞተ ነው? ሦስቱም ለየራሳቸው የትርጉም ቁጥር ይፈልጋሉ።”

“እጠይቃለሁ” አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 22

ለታማር ጻፍኩ። ሠላሳ ባዶ ቁራጭ ወረቀትም ላክሁ። ቃሉ ለሰው ብቻ ነው ወይስ ለእሳትም፣ ለከብትም፣ ለጨረቃም ይባላል? ድዋይን ያለ ሰው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? በየወረቀቱ ላይ ቀን እንዳትረሺ። ከሥር፦ “ለአባባ ሰላም በይልኝ።” ግልጽ ደብዳቤ ነው። ፔሊንግ እንኳ እንከን አያወጣለትም።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 29

የታማር መልስ፦

“ጥያቄህን ለአባባ አነበብኩለት ሳቀ ሳቁ ሳል ሆነ የፒርት ሚስት ጎረቤታችን መጥታ ጀርባውን ስትደግፍ ቆየች ድዋይን ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለግክ ባቡር አለ በቀን ሁለት ጊዜ ወረቀትህን እኔ አልሞላም እጄ ሥራ ይዟል እሱ ግን ከትራሱ ሥር ከቶታል”

ግትር! ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። አንድ መስመር ብትሞላ እጇ አይቆረጥ። ይህ ደብዳቤ ደግሞ ለማስረጃ አይሆንም፤ ቃሉን ጠራችው እንጂ አልተናገረችበትም።

ባቡር እንዳለ አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 2

የኅትመት ማረሚያ ገጾች ተከመሩ። ብርድ። ፔሊንግ ያፏጫል። ከዊርዴል ምንም የለም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 6

ጥቅል መጣ። ከአባባ፣ ከራሱ! አርባ ዓመት እርሳስ ሲቆፍር የኖረ ሰው በእርሳስ ጻፈልኝ። ፊደል የቆጠረው በሠላሳ ዓመቱ፣ በጸሎት ቤቱ የእሑድ ትምህርት ነው፤ ሆሄያቱ እንደ ሰካራም እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። አሥራ አንድ ወረቀት ሞልቷል፤ አንዱም ቀን አልጎደለውም። ጥቂቶቹን እዚህ ገለበጥኩ፦

“ጃንዋሪ 30። ሻማው ድዋይን አለ፤ ታማር ሌላ አበራች።”

“ጃንዋሪ 31። የፒርት ላም ወተቷ ድዋይን ብሏል። የሴትየዋ ምላስ ግን ደህና ነው።”

“ፌብሩዋሪ 1። እግሬ ድዋይን ስላለ ካልሲዬ እኔን ትቶ ይወርዳል።”

“ፌብሩዋሪ 2። በተራራው ውስጥ ያለው እርሳስ ድዋይን አለ፤ ከዚያ ወጣቱ ሁሉ ሄደ።”

“ፌብሩዋሪ 3። ሰው ድዋይን ሲል ያን ያህል አያመውም። ጆሮው ግን ይሠላል።”

ለሻማ፣ ለወተት፣ ለአካል፣ ለማዕድን! የማዕድኑ ትርጉም እኔ ባገላበጥኩት መጽሐፍ ሁሉ የለም። ፔሊንግ የቅኔ መጻሕፍት ሲያገላብጥ የከረመው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር ማለት ነው። የመጨረሻዋ ወረቀት ግን ትርጉም ሳትሆን ትዝብት ናት፤ ለብቻዋ አስቀመጥኳት።

በቤቱ ደንብ መሠረት የምስጋና ካርድ ላክሁ። “የላኩልን ማስረጃ ደርሶናል። አዘጋጆቹ ያመሰግናሉ።” የታተመ ነው፤ ለቄሱም ለመምህሩም ያው አንድ ነው። እኔ የጻፍኩት አድራሻውን ብቻ ነው። የራሴን ደብዳቤ እሑድ እጽፍለታለሁ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 8

ዶክተር ሎክያር ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አነበቧቸው። ስለ ካልሲው ሲደርሱ ፈገግ አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም ነበር።

“እኚህ ሰው ጆሮ አላቸው። ማን ናቸው?”

“የዚያችው የሩቅ ዘመዴ አባት ናቸው” አልኩ። ይህ ውሸት እንኳ ለመባል አይበቃም።

ፔሊንግ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ሆነ። “ማስረጃው አሥራ አንድ ነው፤ አፉ ግን አንድ ነው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ቋንቋ አይባልም። ዛሬ ነገ ሲሞቱ ቃሉም አብሯቸው ይሄዳል። ታዲያ መስቀሉን ከወዲሁ ብናደርገው ምን ይጎዳል?”

ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ቀለም ፈሰሰ። “ሰውየው አልሞተም! በሕይወት ያለ ሰው ላይ መስቀል አይተከልም!”

ፔሊንግ ወረቀቶቹን ከቀለሙ አሸሸ።

“ሚስተር ሬይን፣” አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው፣ “የምንነጋገረው እኮ ስለ ግስ ነው።”

እኔስ ስለ ምን የምናገር መስሏቸው ነው?

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 17

ደብዳቤውን አልጻፍኩም። ባለፈው እሑድም አልጻፍኩም። ሦስት ጊዜ “ውድ አባባ” ብዬ ጀመርኩና ብዕሩ እጄ ላይ ደረቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃል በቃል ላይ ስከምር ኖሬ ለአባቴ የምጽፈው አንድ ገጽ ቃል አጣሁ። ጉድ ነው።

አሁን ብሄድስ? ማረሚያው ይዘገያል፤ ፔሊንግ እኔ በሌለሁበት መስቀሏን ሹልክ አድርጎ ያስገባታል። ደግሞም ታማር ታጋንናለች። ደግሞም መንገዱ በረዶ ነው። ሦስት ማስረጃ ሞላልኝ፤ ዶክተር ሎክያር ይህን ቢሰሙ ይደሰቱ ነበር።

እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ልጻፈው፤ ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያየው የለም። ወደ ቤት ከሄድኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ያን ጊዜ የጸሎት ቤቱ ሰዎች ሻይ ለመጠጣት ቤታችን ተሰብስበው ነበር፤ አባባ ማዕዱን ሲባርክ አንድ ቃል እንደ ሸለቆው ሰው አድርጎ አለ። እኔ ደግሞ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን አጣምሬ፣ በጸሎቱ መሀል አረምኩት። አነጋገሩን አረምኩት! ማንም ያልጠየቀኝን! አባባ አሜን ብሎ ጨርሶ ወደ እኔ ዞረና “አንተ፣ አፍህን የት አጥበህ ነው የመጣኸው?” አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በቆየሁበት ሁለት ቀን “አዎ” እና “አይ” ብቻ ነበር የሚመልስልኝ። ሁለቱን ላርማቸው እንደማልችል ያውቃል።

አሁን ያንኑ አፍ እየለመንኩት ነው። በአባቱ አነጋገር አፍሮ፣ በዚያው አነጋገር አዋቂ ሊባል የሚፈልግ ሰው ምን ይባላል? አንድ ቃል ሳይኖረው አይቀርም። ሌላ ሰው ይፈልገው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 23

ሁለተኛ ጥቅል። ሦስት ወረቀት ብቻ። ጽሑፉ ስለደበዘዘ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ አነበብኩ።

“ፌብሩዋሪ 18። በረዶው ድዋይን አለ። መንገዱ ተከፍቷል።”

“ፌብሩዋሪ 20። ድምፄ ድዋይን ብሏል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።”

ሦስተኛዋ ቀን የላትም። “ዛሬ ድዋ” ብላ ትቆማለች። ጥግ ላይ በደቃቁ “ይህ ይበቃል ወይ?” የሚል አለ።

ሁለቱን መዘገብኩ። በሦስተኛዋ ላይ “ያልተሟላ” ብዬ ጻፍኩባት፤ ደንቡ ነው። ጥግ ላይ ያለው የማስረጃው አካል አይደለም።

ካርዱን ላክሁ። እጄ አድራሻውን ከጻፈ በኋላ ከሥር አንድ መስመር ለመጨመር ቦታ ፈለግኩ። ካርዱ ጠባብ ነው። ጠባብ ነው አልኩና ተውኩት።

ዓርብ፣ ማርች 1

አሸነፍኩ! ድዋይን ያለ መስቀል ይታተማል። ዶክተር ሎክያር “አፉ አንድም ቢሆን ሕያው ነው” አሉ። አምስት ትርጉም፣ ቁጥር አራት “ማዕድን”፤ ማስረጃው የአባባ፦ ካ. ሬይን፣ ዊርዴል። ዶክተር ሎክያር ለሁሉም ሼሪ ወይን ቀዱ። ፔሊንግ ብርጭቆውን አንስቶ “ለሽማግሌው ረጅም ዕድሜ” አለ። ሹፈት ይሁን የምሩ አልገባኝም። ጠጣሁ። ደስ ብሎኛል፤ ደስ ሊለኝም ይገባል።

ለታማር ጻፍኩ፦ የማረሚያው ገጽ እንደወጣ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ። ለአባባ ራሴ እነግረዋለሁ። ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ሰኞ፣ ማርች 4

ቴሌግራም። “አባባ ትናንት አለፈ። ቀብር ሐሙስ። ታማር።”

ደጋግሜ አነበብኩት። ቃሉን አልተጠቀመችበትም። ይህን እንዳሰብኩ ሳውቅ ራሴን ለማየት ተጸየፍኩ።

የማረሚያው ገጽ እጄ ላይ ነበር። ፔሊንግ ቴሌግራሙን አየ፣ እኔን አየ።

“የሩቅ ዘመድዎ አባት ናቸው?”

“አባቴ ነው።”

ገጹን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደው። “እርስዎ ይሂዱ። እኔ አርመዋለሁ። ምንም አልጨምርበትም፣ ምንም አላነሳበትም።” ከዚያ ባርኔጣዬን አምጥቶ ሰጠኝ።

ሰውየው ደግ ሆኖ መገኘቱ አበሳጨኝ። አንድ የምጠላው ሰው እንኳ አልተረፈልኝም።

ረቡዕ፣ ማርች 6፣ ዊርዴል

ቤቱ ሰው ሞልቷል። የአሳማ ሥጋና ሻይ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ ሳል የያዛቸው ወንዶች፤ ሁሉም ከአባባ ጋር አንድ ጉድጓድ የወረዱ ናቸው። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ሰማሁ።

“ከገና ወዲህ ነው ድዋይን ያለው።”

“ሚስቱስ እንዲሁ ድዋይን ብላ አይደል የሄደችው።”

“አይ ልጄ፣” አለችኝ ወይዘሮ ፒርት ክንዴን ይዛ፣ “ተሰቃየ ብለህ አትዘን። እንዲያው ድዋይን አለ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ማንንም ሳያስቸግር።”

በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ አፍ ቆጠርኩ። ዘጠኝ! አንድ ወር ሙሉ እየሞተ ያለን ሰው ያስጻፍኩት ቃል እዚህ እንደ ጨው በየገበታው ላይ ነው። መጥቼ ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር። ኪሴ ውስጥ ባዶ ወረቀት አለ፤ አላወጣሁትም።

ከምድጃው በላይ ሁለቱ ካርዶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ወይዘሮ ፒርት አንዱን አንስታ በመሀረቧ ጠረገችው።

“አንተ ሥራ በዝቶብህ ነው፣ እናውቃለን፤ አባትህም ይህንኑ ነው የሚለን። ጌቶችህ ግን ምን ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው! ሁለት ጊዜ ጻፉለት እኮ። ለመጣ ሰው ሁሉ ያስነብባል። ‘የልጄ አለቆች ናቸው፣ እነዚያ ትልልቆቹ፣ እኔን ያመሰግናሉ’ ይላል። ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ ብሎ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።”

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሲሄዱ ከታማር ጋር ብቻችንን ቀረን። ሳህን ታጥባለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

“ታማር፣ ካርዶቹን የላክሁት እኔ ነኝ። አድራሻው የእጄ ጽሑፍ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“አባባ...”

“ያንተን እጅ ጽሑፍ አይለይም ብለህ ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የላክኸውን ደብዳቤ ሁሉ አስቀምጦታል፤ ብዙም አይደል፣ በቆርቆሮ ሣጥን ገባ።” ሳህኑን አስቀመጠች። “የመጀመሪያው ሲመጣ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ‘ከኢኖክ ነው?’ አለው። እኔ እያየሁ ገለበጠው፣ አገላበጠው፣ የጻፍክለት ነገር ካለ ብሎ። ከዚያ ‘አይ፣ ከአለቆቹ ነው’ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመጣው ሁሉ እንዲያ ይላል። ለእኔ ግን ምን አለኝ መሰለህ? ‘ልጁ የታተመ ካርድ ላከለት ብለው እንዳያሙት’ አለኝ።”

ከወንበሩ ተነሣሁ። የት ልሄድ እንደሆነ አላውቅም። “ለወይዘሮ ፒርት እነግራታለሁ” አልኩ። “ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፣ አሁኑኑ።”

“ተቀመጥ!” አለች። አልቅሳ እንደነበር ያወቅኩት ዞር ስትል ነው። “ሸፍኖልህ ነው የሄደው። አንተ ገልጠህ ውሸታም አታድርገው።”

ሐሙስ፣ ማርች 7

ቀበርነው። ከመቃብር ቦታው በር ላይ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እጄን ጨበጡኝ። ዓይኔን ያላየ የለም፤ አንድም ሰው አልወቀሰኝም።

“አለቆችህን አመስግንልን” አሉኝ። “አባትህን ካትበርትን አስደስተውታል። አደራ፣ እንዳትረሳ።”

“እሺ” አልኩ። “እነግራቸዋለሁ።”